የቮልሴ ክላክስ መሪ ሲዞር ብቻ ይጮሃል

የአባቴ ቮልስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከአባቴ የወረስኳት የ1969 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ቀጥ ብዬ ስነዳ ክላክሷ ዝም ነው፣ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ስጫነው ግን አንዳንዴ ይጮሃል። በቀደም አደባባይ ላይ ባጃጅ ዘው ብሎ ሲገባብኝ ብጫን ብጫን ምንም፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እኔው ጮህኩ። አንድ ጋራዥ "ክላክሱ ሞቷል፣ ቀይረው" አሉኝ። ቦሎም ደርሶብኛል። ልግዛ ወይስ ሽቦው ነው?

ካቻቢቴ፦
እንዳትገዛ! የሞተ ክላክስ መሪ ስለዞረ አይነሳም። ቮልስ ላይ ቁልፍ ስትከፍት ፖዘቲቩ ቀጥታ ክላክሱ ጋ ይደርሳል፣ መሪው ላይ ስትጫን የምታገናኘው ኔጌቲቩን ነው። ክላክሱ በግራ በኩል የፊት ፓራፋንጎ ስር አለልህ። ቡናማውን ሽቦ ንቀልና ቁልፍ ከፍተህ ክላክሱ ላይ ባዶ የቀረውን ጫፍ በቁራጭ ሽቦ ከመኪናው ንጹህ ብረት ጋር አገናኘው። ከጮኸ ክላክሱም ፊውዙም ደህና ናቸው፣ ጣጣው መሪው ጋ ነው።

ሰፈርተኛው፦
ምን አደከመህ፣ ዳሽቦርዱ ስር የበር ደወል ቁልፍ ግጠምና ተገላገል። እኔ ሁለት ዓመት እንደዛ ነድቻለሁ 😂

ጋሼ 6 ቮልት፦
ባጃጅ ሲገባብህ እጅህ ዳሽቦርድ ስር ቁልፍ ሊፈልግ ነው? ልጄ፣ ይሄን አትስማ። የመሪው ዘንግ ከታች ከመሪ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በክብ ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ ኤሌትሪክ አያሳልፍም፣ ለዚህ ነው በላዩ የምትሻገር አጭር ሽቦ ያለችው። ጎማውን የሚቀይሩ ሰዎች እሷን መመለስ ይረሳሉ። በቅርቡ ተቀይሮልህ ነበር?

የአባቴ ቮልስ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ! አዎ፣ ክረምት ላይ ተቀይሯል። ካቻቢቴ እንዳለው ሞከርኩት፣ ሰፈሩን ቀወጠው። ከዛ ከስር ተኝቼ በስልክ መብራት ሳይ ሽቦዋ በአንድ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥላለች፣ መሪው ሲዞር ብረት እየነካች ነበር ለካ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አዲስ ወፈር ያለ ሽቦ አሰርኩ። አሁን በሁሉም አቅጣጫ ይጮሃል፣ ድምፁ ግን ጉንፋን የያዘው ነው።

ጋሼ 6 ቮልት፦
ክላክሱ ጀርባ ላይ ትንሽ ብሎን አለች። ሩብ ዙር ብቻ እያዞርክ ስማው። በሌሊት ግን አትሞክር፣ ጎረቤት አለ።