የወንዶ ገነት ተዳፋት ይከለል ወይስ ይታረስ?

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ሰው ከሰው አላግባባ ያለ ጉዳይ አለ፤ በስተምሥራቅ የሚታዩን የወንዶ ገነት ተራሮች ቀጥ ያለው ክፍላቸው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ይሁን ወይስ ገበሬው እንደ ልማዱ ይረሰው? እኔ ይከለል ከሚሉት ነኝ። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። ዋናው ገባሩ ጥቁር ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእነዚያ ተራሮች የሚወርዱትን ጅረቶች ይዞ ይመጣል። የገባው ውሃ ይተናል፣ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ አፈሩስ የት ይሄዳል? ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ስንት ክረምት ይችለዋል? ባለፈው ነሐሴ፣ በዝናብ ማግስት፣ ከጥቁር ውሃ በሃይላንድ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ሲነጋ ውሃው ጠርቶ ከሥሩ አንድ ጣት ሙሉ ቀይ ጭቃ ረግቷል። ያ ጭቃ የአንድ ሰው ማሳ ነበር።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
ወንድሜ፣ የዚያ ሰው ልጅ እኔ ነኝ። አባቴ ተዳፋቱ ላይ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት አለችው። በፊት በቆሎ ይዘራባት ነበር፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበስባል። ጫት ግን ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ትምህርቴን የጨረስኩት በእሱ ነው። ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ላይ አትግፋው። ጨለለቃ በአያቶቻችን ዘመን ሐይቅ ነበር፤ ከተራራው የሚመጣውን ደለል እያስቀረ ውሃውን አጥርቶ ወደ ታች ያሳልፍ ነበር። ዛሬ ከብት የሚግጥበት ረግረግ ነው። እሱን ማን ይከልለው?

የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ፦
ቆሮሶ የሚራባው ከዳር፣ ሣር ካለበት ጥልቀት ከሌለው ውሃ ነው። ጭቃው መጀመሪያ የሚያለብሰው ያንን ነው። መረቤን ስጎትት ይከብደኛል፣ ደስ ይለኛል፤ ሲወጣ ጭቃና ቅጠል ነው። ይከለል።

መምህርቷ፦
ሁላችሁም ባሕር ዛፉን ዘለላችሁት። ላጥላላው አይደለም፤ በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያወጣ ዛፍ ነው። ዛሬም ገበሬው ከጓሮው ሲቆርጥ የተፈጥሮው ደን ይተርፋል። ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናብ ሲጥል ዋንዛ ሥር ቁሙና እዩ፤ ጠብታው ከቅጠል ቅጠል እየወረደ፣ ቁጥቋጦው ላይ አርፎ፣ ቀስ ብሎ ብስባሹ ውስጥ ይገባል። ባሕር ዛፍ ሥር ቅጠሉ ለማገዶ ከተጠረገ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ጠብታው ይመታዋል፣ ጎርፉ ይዞት ይወርዳል።

ሕግ የለም እንዳትሉም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲሆን ደንግጎ ነበር።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
እህቴ፣ ጫትም ቋሚ ተክል ነው።

መምህርቷ፦
ነው። ሥሩ ግን በየጊዜው ይኮተኮታል፣ አንዲት ሣር አትተርፍበትም። አፈሩን የሚይዘው የሚሸፍነው ነገር ነው። አባትህ በረድፉ መሃል፣ ተዳፋቱን አግድም፣ የዝሆን ሣር ይትከሉበት። አጭደው ለላማቸው ይሰጡታል።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ይህን እቀበላለሁ። ጨለለቃንም በተመለከተ ልክ ነህ፤ ጥበቃው ከእሱ ቢጀመር እኔም ደስ ይለኛል። ከላይ ባለው ገደል ላይ ግን አልመለስም፤ እዚያ ሣርም አይበቃም።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
እንግዲያው የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይነገረን። የሆቴሉ፣ የጀልባው፣ የዓሣው ገቢ ከተማ ይቀራል። ተፋሰሱ ደግሞ ሲዳማንና ኦሮሚያን ያዳርሳል፤ ከላይ ያለው ገበሬ የማንን ደጅ ይጥና? ትናንት ማታ አባቴን በስልክ ጠይቄው ነበር። የላይኛዋን ቁራጭ እተዋለሁ አለኝ፤ የተተከለው ዛፍ እስኪያድግ ድረስ የጫቱን ገቢ የሚተካለት ካገኘ። በዓመት ስንት እንደሚሆንም አስልቶ ነግሮኛል። ሒሳቡን ይዤ ወደ የትኛው ቢሮ ልሂድ?