የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ፦ ሊን ማኔጅመንት በድርጅትና በዩኒቨርሲቲ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ላይ ዋና ዓላማ ተብሎ የተቀመጠው «ለሁሉም አባላት የሊን ስልጠና መስጠት» ነው፤ ሊን ማለት ከአሠራር ውስጥ ብክነትን እያወጡ ሥራን የማሻሻል ዘዴ ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። ስልጠና እንሰጣለን፣ ሰርተፊኬት እናድላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደ ለመደው አሠራሩ ይመለሳል። ይልቅ ከድርጅት አንድ ሥራ፣ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ሥራ እንምረጥና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታትለን እናሳጥር። ሐሳብ ወዲህ በሉ።

የፋብሪካ ኢንጂነር፦
እስማማለሁ። እኛ ጋ ግድግዳው «አምስቱ ማዎች» በሚል የሥራ ቦታ አደረጃጀት ፖስተር ተሸፍኗል፣ መጋዘኑ ግን አሁንም ማንም ባላዘዘው ዕቃ ጢም ብሏል። የቶዮታው ኢንጂነር ታይቺ ኦኖ ብክነትን በ7 ሲከፍል የሁሉ ክፉ ያለው ከሚፈለገው በላይ ማምረትን ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹን እሱ ነው የሚወልዳቸው፣ ትርፍ ምርት ማከማቻ ይፈልጋል፣ ከቦታ ቦታ ይጓጓዛል፣ ጉድለት ካለበትም ክምሩ ሥር ተደብቆ ደንበኛው ጋ እስኪደርስ አይታወቅም። ከድርጅት ወገን «ከትእዛዝ እስከ ርክክብ» የሚለውን እመርጣለሁ።

መምህርት፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ጥርጣሬ አለኝ። ቀጥላችሁ ተማሪው ደንበኛ ነው ልትሉኝ አይደል? ደንበኛማ ከሆነ የሚፈልገው ኤ ነው። ከባድ ንባብ፣ ሦስቴ ተሰርዞ የሚጻፍ ምዕራፍ፣ ጥያቄ ተጠይቆ ክፍሉ ዝም የሚልበት ጊዜ፣ ይሄ ሁሉ በእናንተ ሚዛን ብክነት ሊባል ነው። እንዲህ ከሆነ እኔ አልፈርምም።

የሬጅስትራር ባለሙያ፦
ዶክተር፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን እስቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሄድበትን መንገድ ይዩት። ተማሪው ጽፎ አስገባ። ፈታኙ ለማንበብ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ጽሑፉ ግን ፈታኝ እስኪመደብለት ኮሚቴ ይጠብቃል፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንዴ ነው፣ ከዚያ ፊርማ ያስፈልገዋል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ተፈርሞ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቅጽ ጎድሏል ተብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም አላነበበውም፣ ማንም አላሰበበትም። ጠረጴዛ ላይ ነው ያደረው። መቁረጥ የምንፈልገው ያንን እንጂ የእርስዎን ንባብ አይደለም።

መምህርት፦
እንግዲያው ይጻፋ። «የማስተማር፣ የማንበብና የማረም ጊዜ አይነካም» የሚል ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ይግባ። «ደንበኛ» የሚለውም ከዩኒቨርሲቲው ክፍል ይውጣልኝ፤ ዲግሪው የተማሪው ብቻ አይደለም፣ ነገ የሚቀጥረውም የሚታከምበትም ሰው ድርሻ አለው።

የዳታ ባለሙያ፦
ሁለቱም ይግቡ። እኔ የምጨምረው ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል ያረጋገጠው ቀመር አለ፦ ያላለቀውን ሥራ ብዛት በሳምንት ለሚያልቀው ስታካፍሉት አማካይ ቆይታው ይወጣል። 60 ጽሑፍ ተደርድሮ በሳምንት 5 የሚያልቅ ከሆነ ቆይታው 12 ሳምንት ነው። ስለዚህ «ፍጠኑ» የሚል ደብዳቤ መበተን ዋጋ የለውም። አንድ ፈታኝ 6 ጽሑፍ ጀምሮ አንዱንም ከማይጨርስ 2 ይያዝና ይጨርስ። ኮሚቴውም በወር 20 ከሚያይ በየሳምንቱ 5 ይይ። ያው ብዛት ነው፣ ግን ስብሰባ ብቻ ሲጠብቅ ወር የሚሞላው አይኖርም።

የሰው ኃይል ኃላፊ፦
ጥሩ፣ ግን አንድ ነገር ዘላችኋል። ሠራተኛው «ሊን» ሲሰማ የሚታየው ቅነሳ ነው፣ ደግሞም አይፈረድበትም፣ ስንት ቦታ ሰበብ ሆኗል። ያቀለለው ሥራ እንጀራውን የሚያሳጣው ከሆነ ሁለተኛ ሐሳብ አይሰጣችሁም። መኪና አምራቾቹ ጂኤምና ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኑሚ የሚባለውን ፋብሪካ በጋራ ሲከፍቱ አብዛኞቹን የቀጠሩት በሥራ ማቆምና በመቅረት ስሙ ከጠፋው ከቀድሞው የጂኤም ፋብሪካ ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጥራቱ ግን ተለወጠ። የሥራ ዋስትና ቃል ስምምነታቸው ውስጥ ገብቶላቸዋል፣ ችግር ያየ ሰው ደግሞ ገመድ ስቦ የማምረቻ መስመሩን ማስቆም ይችል ነበር። እኛም «በዚህ ፕሮጀክት ምክንያት ማንም ከሥራ አይሰናበትም» ብለን እንጻፍ። ይህን የማይፈርም ተቋም ባይገባ ይሻላል።

የፋብሪካ ኢንጂነር፦
ገመዱ ለቢሮም ይሁን። ያልተሟላ ፋይል ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ማሳለፍ ይቅር፣ እዚያው ይቁምና ለምን እንደጎደለ ይጠየቅ።

አስተባባሪ፦
ተመዝግቧል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይሠራም ለሚሉን፣ ስኮትላንድ ያለው ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የራሱን የሊን ቡድን ማቋቋሙን እንጥቀስላቸው። እንግዲህ ሥራዎቹ ሁለት ናቸው፦ ከትእዛዝ እስከ ርክክብ፣ ጽሑፍ ከማስገባት እስከ ውጤት ማጽደቅ። መጀመሪያ ምንም ሳንነካ ለ4 ሳምንት እንመዝግብ። ስልጠናው ከዚያ በኋላ፣ ለሚሠሩት ሰዎች ብቻ። የቀረን ከላይ የሚፈርምልን ኃላፊ ማግኘት ነው፤ የኮሚቴውን ቀን መቀየር የሚችል ካልሆነ ፊርማው ብቻውን አይጠቅመንም። የመመዝገቢያውን ቅጽ ማን ያዘጋጃል?

የሬጅስትራር ባለሙያ፦
እኔ አዘጋጃለሁ። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ የገባበት ቀን፣ የተነካበት ቀን፣ የወጣበት ቀን። የሠራተኛ ስም አይኖርበትም፤ ስም ካለበት ሰው ወጥመድ ይመስለውና ቀኑን አሳምሮ ይሞላዋል።