ጥቁር መኪናዬ ላይ ያለው ክብ ክብ ጭረት እንዴት ይለቃል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ጥቁር ኮሮላ አለችኝ፤ በጣም ነው የምወዳት። ጥላ ስር ስትቆም መስታወት ናት። ፀሐይ ሲያርፍባት ግን ኮፈኗና በሮቿ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ጭረት ይወጣል። ጥፋቱ የላቫጆ ይመስለኛል፤ ልጁ ጎማ ባጠበበት ስፖንጅ፣ አቧራውን መጀመሪያ በውሃ ሳያወርድ፣ ቀለሙን ሲያሽ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ቤት ውስጥ በሁለት ባልዲና በማይክሮፋይበር ጨርቅ ራሴ ነኝ የማጥባት። ሰም ቀባሁ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ሸፈነውና ተመልሶ ታየ። ጋራዥ ስጠይቅ በማሽን ፖሊሽ እናድርጋት አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ መከላከያ ሽፋን) እንዳይሳሳ ፈራሁ። በእጅ ፖሊሽ ይለቃል ወይስ የግድ ማሽን ነው? ጥቁር መኪና የያዛችሁ፣ ምን ተጠቅማችሁ ለቀቀላችሁ?