ለጊታሬ የሚሆን ግራፋይት ቀለም እንዴት ላስተካክል?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታሬ ባለ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ ነው፤ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ነው። አምፕ ላይ ስሰካው የመብራቱ ጩኸት «ዝዝዝ» እያለ አብሮ ይገባል። ሞቅ ያለ ዘፈን ላይ ብዙም አይሰማም። ትዝታ ቀስ ብዬ ስጫወት ግን በየመሃሉ ጎልቶ ይወጣል። ያንገበግበኛል!

ጩኸቱን ለመከለል የሚለጠፈውን የመዳብ ቴፕ እዚህ ገበያ አጣሁ። ስለዚህ የፒክአፑን ጉድጓድ ውስጡን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ግራፋይት ቀለም ልቀባው አሰብኩ። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ መሃሉ ላይ ያለውን ጥቁር ዘንግ አወጣሁ። አጥቤ በሙቀጫ ወቀጥኩት፤ በስስ ጨርቅ ነፋሁት። ከነጭ የእንጨት ኮላ ጋር ለውሼ ቁራጭ ጣውላ ላይ ሞከርኩት። ሲደርቅ ለስላሳ ሆነ፤ እጅም አያጠቁርም። ግን የቴስተሩን ጫፎች አንድ ጣት ያህል አራርቄ ስለካው 80 ኪሎ ኦም ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድ) ያሳያል። ለዚህ ሥራ በጣም ብዙ ነው። ኮላው የግራፋይቱን ቅንጣቶች ሸፍኖ እንዳይነካኩ ያደረጋቸው ይመስለኛል። ግራፋይቱን ሳበዛው ደግሞ ይፈረፈራል።

ቀለሙ ማግኔታዊውን ጉርምርምታ እንደማያጠፋው አውቃለሁ። ከአምፖልና ከሽቦ የሚመጣውን ቢቀንስልኝ ይበቃኛል።

የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ግራፋይቱ ከኮላው በስንት እጅ ይብለጥ? አክሪሊክ ቀለም ይሻል ይሆን? ስንት ጊዜ ልደርበው? ቀለሙን ከጊታሩ ግራውንድ ጋር የሚያገናኘው ሽቦስ? ቀለም ላይ ሊድ አይበየድም፤ በትንሽ ብሎን ባስረው ይይዛል?