ለሥነ ጥበብ የተግባር ፈተና ዝግጅት፣ እና በአቡጀዴ ሸራ ስለ መሥራት

ጀማሪዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ገብቼ በዲግሪ ቀለም ቅብ መማር ነው ሐሳቤ። ከፎቶ ስሥል ይመስልልኛል። ሰው ወይም ዕቃ ፊት ለፊቴ አድርጌ ስሥል ግን ጭንቅላቱ ይረዝማል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይወጣል። ምን ላድርግ? ሌላው፣ የተዘጋጀ ሸራ ዋጋው አይቀመስም። በአቡጀዴ የሚሠሩ ልጆች ደግሞ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል ይላሉ። እውነት ነው?

ከሰልና ወረቀት፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የዘንድሮውን መስፈርት ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ አረጋግጪ። ከዚያ ከፎቶ መሣሉን ለጊዜው ተይው። ፎቶ ጥልቀቱን ሁሉ ጠፍጣፋ አድርጎ ጨርሶ ነው የሚሰጥሽ፤ ፈተና ላይ ያንን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።

ጭንቅላት የሚረዝመው ብዙ ጊዜ ሰሌዳውን ጭን ላይ አስተኝቶ ከመሣል ነው። የወረቀቱ የላይኛው ጫፍ ከዓይንሽ ስለሚርቅ አጥሮ ይታይሻል፤ አንቺም ሳታውቂው ታስረዝሚዋለሽ። ሰሌዳውን አቁሚውና በየጥቂት ደቂቃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለሽ እዪው። ስትለኪ ክንድሽን እስከ መጨረሻ ዘርጊ፣ አንድ ዓይን ጨፍኚ፣ የምትለኪውን ርዝመት እርሳሱ ላይ በአውራ ጣትሽ ያዢው። ክርን ትንሽ እንኳ ከታጠፈ ልኬቱ ይለዋወጣል። ዓይን ደግሞ ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሐል ላይ ነው የሚውለው። ጀማሪ ግንባሩንና ፀጉር የሸፈነውን አናት ስለሚያሳንሰው ዓይኑ ወደ ላይ የወጣ ይመስላል። የቆመ አዋቂ ሰው ቁመት በራሱ ጭንቅላት ሲለካ 7 ወይም 7 ተኩል ያህል ነው።

ለልምምድ ጀበና፣ ስኒና ነጭ ጨርቅ ይበቃሻል፤ ከአንድ ጎን ብቻ መብራት አብሪበት። ስኒውን ልብ ብለሽ እዪው፦ አፉ ሞላላ ሆኖ ሲታይ መቀመጫው ከአፉ የበለጠ ወደ ክብ ይጠጋል፣ ከዓይንሽ ይበልጥ ዝቅ ስላለ። የስኒን መቀመጫ በቀጥታ መስመር የሚዘጋ ሰው አይቶ ሳይሆን በግምት እንደሠራ ወዲያው ያስታውቃል።

2 ሰዓት ቢሰጥሽ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ለአቀማመጥና ለልኬት ብቻ አውያቸው። ቀጥሎ ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ጥላውን በሙሉ በአንድ ዓይነት ግራጫ ሙዪው። ሽፋሽፍት፣ የጀበና ጌጥ፣ ጥቁር ጥቁሩ ሁሉ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በከሰል የምትሠሪ ከሆነ ንድፉንም በከሰል ጀምሪ፤ የእርሳስ ገጽ ስለሚያንጸባርቅና ስለሚያንሸራትት ከሰል በላዩ አይይዝም። ለማጥፋት ቅባት የሌለው የዳቦ ልብ ከተራ ላጲስ ይሻላል፣ ወረቀቱን አይልጠውም።

ባለ ሸራው፦
ችግሩ የአቡጀዴው አይደለም፣ የአዘገጃጀቱ ነው። ወፈር ያለውን ግዢ፤ ወደ ብርሃን ስታነሺው ቀዳዳ ካሳየ ይቅርብሽ። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ ከፋብሪካ የመጣው ስታርች ካልለቀቀ ኮላ ወደ ውስጥ አይገባምና። ደግሞም አስቀድሞ ተኮማትሮ ያልቅልሻል።

ለ60 በ80 ሳንቲሜትር ፍሬም ደረቅ እንጨት ይሁን። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ካለፈ መሐሉ ላይ ማገር ያስፈልገዋል። የፊቱን የውስጥ ጠርዝ አናጢው ወደ ውስጥ አዘቅዝቆ ይላገው፤ አለዚያ ጨርቁ ከጠርዙ ጋር እየተነካካ ሥዕሉ ላይ መስመር ያወጣል። ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ ለኪ፣ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ጠሟል። ጨርቁን ከእያንዳንዱ ጎን መሐል ጀምረሽ፣ ትይዩውን እየሳብሽ ወደ ማዕዘን ሂጂ። ከማዕዘን ከተጀመረ ይጨማደዳል።

ከዚያ ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥነሽ ሁለት ጊዜ ቀቢው፣ በየመሐሉ ይድረቅ። ይሄ አይዘለልም! የዘይት ቀለም ጥጡን በቀጥታ ከነካው ከዓመታት በኋላ ጨርቁ ይሰባበራል። በላዩ ነጩን መደብ (ከቀለሙ ሥር የሚሆነውን ልባስ) ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቢ፣ አንዱን በአግድም ሌላውን በቁም። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተለቀለቀ መደብ ነው የሚሰነጠቀው።

ቀለሙ ራሱ የሚሰነጠቅበትም ምክንያት አለ። ታች ዘይት የበዛበት፣ ላይ ደግሞ በአኳራጅ የቀጠነ ቀለም ከሆነ ላይኛው ቀድሞ ይደርቃል፤ ታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ ይተረትረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በአኳራጅ የቀጠነውን፣ እየቆየሽ የተልባ ዘይቱን ጨምሪ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ደግሞ ጨብጠሽ ጥግ አትጣዪ፣ በራሱ ግሎ እሳት ያስነሳል። ዘርግተሽ አድርቂው ወይም ውሃ ውስጥ ንከሪው።

የኅትመት ክፍል፦
ክፍል ለመምረጥ አትቸኩዪ። ቅርጻ ቅርጽና ኅትመት ሳይነኩ ቀለም ቅብ ብቻ ነው የምፈልገው የሚሉ ብዙ ናቸው። በሊኖ (ለመፋቅ በሚመች ለስላሳ ንጣፍ) ወይም በእንጨት ላይ ፍቂና አንድ ነገር አትሚ፤ ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፣ ይሄም ሚዛን አስተያየትሽን ይለውጠዋል። ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ከመሠረቱት በኋላ ሠዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታም እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምረውበታል። 6 ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ሄደሽ ሥዕሎቹን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ጠጋ ብለሽ እዪ፤ ቀለም እንዴት እንደተደራረበ ከዚያ ነው የሚታየው።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለመደቡ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ጀሶ ይሆናል?

ባለ ሸራው፦
አይሆንም። እሱ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፣ በሚተጣጠፍ ጨርቅ ላይ ይፈረካከሳል። ለቅርጻ ቅርጽ ሻጋታ ነው የሚያገለግለው። አክሪሊክ መደብ ካላገኘሽ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄትና ትንሽ ነጭ አክሪሊክ ቀለም በቀጠነው ኮላ በጥብጪ፣ እንደ አጥሚት እስኪሆን። ሸራው ላይ ከመቀባትሽ በፊት በቁራጭ ጨርቅ ሞክሪው። ሲደርቅ ጣትሽ ላይ ጠቅልዪው፤ ከተሰነጠቀ ዱቄቱ በዝቷል፣ ኮላ ጨምሪበት። በጣት ሲታሽ ነጭ ብናኝ ከለቀቀም ያው ነው፣ ኮላ አንሶታል።