ክኒኑን የሰጠው ሰውስ አይጠየቅም?

ቃልኪዳን_ሲያትል፦
ሰላም ለቤቱ። የሥራ ባልደረባዬ ናስካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር) ካላየ እሁድ አይመስለውም። ስለ ሾፌሩ ኤጄ አልመንዲንገር አንስቶ ተከራከርን። ሰውየው በ2012 (እ.ኤ.አ.) የፔንስኪ ቡድንን 22 ቁጥር ዶጅ መኪና ይነዳ ነበር። ኬንታኪ ላይ በሰጠው ሽንት አምፌታሚን የሚባል አነቃቂ መድኃኒት ተገኘበት፤ የዴይቶናው ውድድር ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ታገደ። ለማጣሪያ የተቀመጠው ሁለተኛው ጠርሙስ ሽንትም ያንኑ ሲያሳይ ቡድኑ አሰናበተው። እሱ የሚለው፣ የጓደኛው ጓደኛ ኃይል ይሰጣል ብሎ የሰጠውን ክኒን ዋጠ፤ አዴራል (አምፌታሚን ያለበት፣ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት) መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው። እኔ አዘንኩለት። ባልደረባዬ «አፉ የራሱ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እናንተስ?

የሌሊት_ሾፌር፦
እህቴ፣ ትራክ ስነዳ 11 ዓመቴ ነው። አንዴ ከአትላንታ ላሬዶ ሎድ ይዘን ስንሄድ አብሮኝ የሚነዳው ልጅ እንቅልፍ ሲጥለኝ አይቶ ብርቱካናማ ክኒን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «የልጄ ነው፣ ትምህርት ላይ ሐሳቡን እንዲሰበስብ ሐኪም ያዘዘለት፤ ምንም አይልህም።» ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አስተዋይ ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ጨጓራ አለብኝ፣ በባዶ ሆድ ፈርቼ ነው። በሦስተኛው ቀን ለራንደም፣ ማለትም በድንገት ለሚደረግ የመድኃኒት ምርመራ፣ ተጠራሁ።

እዚያ መጀመሪያ ኪስ ይራገፋል። የመጸዳጃው ውኃ ሰማያዊ ቀለም ተነክሮበታል። የሽንቱ ሙቀት በ4 ደቂቃ ውስጥ ይለካል፤ ከዚያ 30 ሚሊ ሊትር በአንድ ጠርሙስ፣ 15 በሌላ ፊትሽ ይታሸጋል። ከተገኘብሽ ሐኪም ደውሎ ማዘዣ አለሽ ወይ ይላል፤ ሁለተኛው ጠርሙስ ይታይልኝ ለማለት 72 ሰዓት አለሽ። «ማን ሰጠህ?» የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። ከአልመንዲንገር ጎን የሚበርሩት 42 ሾፌሮችስ ማን እንደሰጠው ማወቃቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ናስካር በ2009 ራንደም የጀመረው እኮ ሾፌሩ አሮን ፋይክ በውድድር ቀን ሳይቀር ሄሮይን እወስድ ነበር ብሎ ካመነ በኋላ ነው።

ዲሲ_መካኒክ፦
ጋሼ፣ የናስካሩን ሾፌር ቲም ሪችመንድንስ ምን ልትለው ነው? በ1988 ዴይቶና ላይ መድኃኒት ተገኘብህ ተብሎ ታገደ። በኋላ ሲጣራ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ የጉንፋንና የሕመም ማስታገሻ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን ጠፍቷል፤ ዳግም ሳይወዳደር በ1989 ሞተ። ኃላፊነት የሾፌሩ ብቻ ነው?

የሌሊት_ሾፌር፦
እሱ ላይ ረታኸኝ። ሁለተኛውን ጠርሙስ የምወደውም ለዚህ ነው፤ መርማሪው ራሱ ይመረመርበታል። የአልመንዲንገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ነው የተናገሩት። ደግሞ ፍርድ ቤት አልሮጠም፤ የተባለውን የማገገሚያ ፕሮግራም ጨርሶ እዚያው ዓመት መስከረም ላይ እገዳው ተነሳለት። በ2014 ዋትኪንስ ግሌን ላይ አሸነፈ። ሌላው ሾፌር ጄረሚ ሜይፊልድ ግን በ2009 ሲታገድ አዴራልና የአለርጂ መድኃኒት ተደባልቆብኝ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ወደ ውድድሩ አልተመለሰም።

ቀበና_ልጅ፦
ጫትስ?

የሌሊት_ሾፌር፦
ፎርሙላ ዋን በዋዳ (የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት) ሕግ ነው የሚተዳደረው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ የተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አለ። መርቅኖ መሪ መያዝ የለም። አሜሪካ ላይ እስሩን ይዘህ ከተገኘህማ ከላቦራቶሪው በፊት ፖሊስ ነው የሚያገኝህ።

ቃልኪዳን_ሲያትል፦
ጋሼ፣ ኪስ ሲራገፍ ክኒኑስ?

የሌሊት_ሾፌር፦
ሸሚዙን ቀይሬ ነበር። ባለቤቴ ስታጥበው ኪሱ ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ። ምንድን ነው ስትለኝ ከረሜላ ነው አልኳት።