ለልጆቹ የግቢ መጫወቻ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ ትንሽ የሕፃናት ማቆያ ከ3 እስከ 4 ዓመት የሆኑ 14 ልጆች እንይዛለን። ያለን አንድ ክፍልና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ጠባብ ግቢ ነው።

ክፍሉስ ተስተካክሏል። የዕቃ ዕቃውን ጥግ ከመተላለፊያው ስናርቀው ግፊያው ቀነሰ፤ ሲኒውና የጨርቅ ቁርጥራጩ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ስለሆነ ራሳቸው አንስተው ራሳቸው ይመልሳሉ።

የጨነቀኝ ውጪው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው እንደ ሩጫና ዝላይ ያለ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ መሆን አለበት። እኛ ግን ሲሚንቶው ላይ ማስሮጥ ፈርተናል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ወድቃ ግንባሯ አበጠ፤ ሳስበው አሁንም ሆዴ ይባባል። አከራያችን ሲሚንቶውን መስበር አልፈቀዱም። በሳጥን አሸዋ ብናስገባ ድመት ተጸዳዳበት። ሌሊት በሸራ ብንከድነው ዝናቡ መሃሉ ላይ ተጠራቅሞ አረጠበው፤ ክረምቱ ሲጠነክርማ እንጃ! ወዳጅነት ፓርክ እንዳንወስዳቸው ለሁለት ሞግዚት 14 ልጅ አስፋልት ማሻገር ከባድ ነው። ወላጆችም «ልጄ ቆሽሾ መጣ» እያሉ ይቆጡናል፤ እኔ ግን አፈርና ውሃ መንካታቸውን ማስቀረት አልፈልግም።

እንዲህ ባለ ግቢ የሠራችሁ ካላችሁ፣ አሸዋውን በምን ከደናችሁት? ሲሚንቶው ላይስ ዝናብ የሚችል፣ ውድቀት የሚያለዝብ ምን አነጠፋችሁ? ወላጆቹን እንዴት አሳመናችኋቸው? ፎቶ ካላችሁ እባካችሁ አሳዩኝ።